የከዋክብት ድምፅ ወይስ የቁራ መንቁር? የስበት ሞገድ መረጃ እንዴት ይጣራል?



መምህር ሳለሁ አስተምርበት የነበረው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ዝናብ ሲወርድ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ መልስ ሲመልስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ ድምፁ በቅጡ አይሰማኝም። በእንዲህ ያለ ቀን ሁለት ዓይነት ስህተት እሠራ ነበር። አንዳንዴ ያልተባለው የተባለ መስሎኝ «ጎበዝ!» እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ልጁ በትክክል መልሶ ሳለ ዝናቡ ስለሸፈነብኝ «አልመለስክም፣ ቁጭ በል» ብዬ አልፈዋለሁ። የመጀመሪያው ሐሰትን መቀበል ነው። ሁለተኛው እውነትን መጣል ነው። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስለ ስበት ሞገድ ጣቢያዎች ያነበብኩት ነው። እነዚህ ጣቢያዎች ከሚሊዮንና ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ከተነሣ ግጭት የመጣን እጅግ ደካማ ንዝረት ይለካሉ። ብዙ ጊዜ በዜና የምንሰማው «ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ ተደመጠ» የሚለውን ውጤት ብቻ ነው። ከዜናው በስተጀርባ ግን በየቀኑ «የሰማነው በእርግጥ ከሰማይ ነው ወይስ ከጓሯችን?» እያሉ የሚመረምሩ ሰዎች አሉ። የዛሬው ጽሑፍ ስለ እነሱ ሥራ ነው።

የሚለካው ምንድን ነው?

አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1916 ግዙፍ አካላት በፍጥነት ሲዞሩና ሲላተሙ ኅዋ ራሱ እንደሚሞገድ ገለጸ። ድንጋይ ኩሬ ውስጥ ሲወረወር ውሃው እንደሚሞገደው ማለት ነው። ሞገዱ ሲያልፍ ርቀትን በአንድ አቅጣጫ በጥቂቱ ያረዝማል፤ በሌላው አቅጣጫ በጥቂቱ ያሳጥራል። ችግሩ «በጥቂቱ» የሚለው ቃል ነው።

በአሜሪካ ላይጎ የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉ። አንዱ በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ፣ ሌላው በሉዊዚያና ግዛት ሊቪንግስተን ይገኛል። በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። እያንዳንዱ ጣቢያ እንደ አናጢ ስኳድራ በ90 ዲግሪ የተገናኙ፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት። አየር በተወገደላቸው ቱቦዎች ውስጥ የሌዘር ብርሃን ይመላለሳል፤ በየክንዱ ጫፍ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን መስተዋት ተንጠልጥሏል። የአንዱ ክንድ ርዝመት ከሌላው በጥቂቱ ከተለየ፣ ተመልሶ የሚገናኘው ብርሃን ይህን ያሳብቃል። በጣሊያን ፒሳ ከተማ አቅራቢያ ቪርጎ የሚባል፣ ክንዶቹ 3 ኪሎ ሜትር የሆኑ ሌላ ጣቢያ አለ። ጃፓንም ከመሬት በታች የተሠራ ካግራ የሚባል ጣቢያ አላት።

አሁን ወደ «ጥቂቱ» እንመለስ። ጠንካራ የሚባል ሞገድ ሲያልፍ 4 ኪሎ ሜትሩ ክንድ የሚለዋወጠው በአተም እምብርት ውስጥ ካለው የፕሮቶን ስፋት በመቶዎች ጊዜ ባነሰ መጠን ነው። ይህን ያህል ስሱ የሆነ መሣሪያ ደግሞ ሌላውንም ሁሉ ይሰማል። በሩቅ ውቅያኖስ የሚነሣ ማዕበል መሬቱን ሲያንቀጠቅጥ ይሰማል። በአቅራቢያው ባቡር ሲያልፍ ይሰማል። ነፋስ ሲነፍስ፣ ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ፣ በሌላ አህጉር ምድር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። የአሜሪካ የመብራት ኃይል በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚዋዥቅ በመረጃው ላይ በ60 ኸርዝ ላይ የማይጠፋ መስመር ያሰምርበታል፤ በአውሮፓ ደግሞ መስመሩ 50 ላይ ነው።

ከዚህ የማያቋርጥ ጫጫታ የሚብሱት ድንገት ብልጭ ብለው የሚጠፉት ናቸው። ባለሙያዎቹ «ግሊች» ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 በተካሄደው ምልከታ የሊቪንግስተን ጣቢያ በአማካይ በየደቂቃው አንድ ያህል ግሊች ያስተናግድ ነበር። እውነተኛ የስበት ሞገድ ግን በዚያን ጊዜ ይገኝ የነበረው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሐሰተኛ ጥሪዎች መካከል አንዷን እውነተኛ መለየት ነው ሥራው።

ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ነው?

በዚህ ዘርፍ ጥንቃቄው የመጣው በመራራ ልምድ ነው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ዌበር የስበት ሞገድን በመሣሪያ ለመለካት የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገ ሰው ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝኑ የአሉሚኒየም ግንዶችን አንጠልጥሎ ንዝረታቸውን ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በሜሪላንድና በቺካጎ አቅራቢያ ያስቀመጣቸው ሁለት ግንዶች በአንድ ጊዜ መንቀጥቀጣቸውን ገልጾ የስበት ሞገድ እንዳገኘ አስታወቀ። ዓለም ተደነቀ። ሌሎች ቡድኖችም ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ቢያዳምጡ ምንም አላገኙም።

በዚያ ክርክር መካከል አንድ የሚያስገርም ነገር ተገኘ። ዌበር የራሱን መዝገብ በሮቼስተር ከሚገኝ ሌላ ቡድን መዝገብ ጋር አመሳክሮ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ቅጽበት የተንቀጠቀጡባቸውን ጊዜያት እንዳገኘ ተናገረ። በኋላ ሲጣራ ግን አንዱ መዝገብ የተጻፈው በግሪንዊች ሰዓት፣ ሌላው በአሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ ሰዓት ነበር። በሁለቱ መካከል የ4 ሰዓት ልዩነት አለ። «በአንድ ቅጽበት» የተባሉት ንዝረቶች በእውነቱ 4 ሰዓት ተራርቀው የተመዘገቡ ነበሩ።

ይህ ስህተት ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ «በ3 ሰዓት እደውላለሁ» ሲለን በእኛ ነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሳንለው ቀርተን ስልክ ስንጠብቅ የዋልንበት ቀን አለ። ልዩነቱ፣ እኛ ስልኩን ብቻ ነው ያጣነው። ዌበር ግን ያልነበረ ነገር አገኘ። ይህ የሚያሳየው ትልቅ ነገር አለ፦ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ከጫጫታ ውስጥም የፈለገውን ያገኛል። ዌበር በ2000 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በውጤቱ እንዳመነ ኖረ። ያም ሆኖ መንገዱን የከፈተው እሱ መሆኑን ተከታዮቹ አይክዱም።

ራስን መፈተን

የላይጎና የቪርጎ ሳይንቲስቶች ከዚህ ተምረው ራሳቸውን የሚያታልሉበት ዘዴ አበጁ። አዎ፣ አውቀው ራሳቸውን ማታለል። ጥቂት ሰዎች በምስጢር መስተዋቶቹን እያንቀሳቀሱ እውነተኛ ሞገድ የሚመስል ምልክት መሣሪያው ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ የቀሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳይንቲስቶች አያውቁም ነበር። የሚያውቁት እንዲህ ዓይነት ነገር ሊደረግ እንደሚችል ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 2010 አንድ ግልጽ ምልክት ታየ። የመጣበት አቅጣጫ ትልቁ ውሻ ወደሚባለው የኮከብ ስብስብ ስለነበር «ትልቁ ውሻ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ቡድኑ ለስድስት ወራት ያህል መረመረ፣ ተከራከረ፣ ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ እንኳ አዘጋጀ። በመጋቢት 2011 በካሊፎርኒያ ተሰብስበው ምስጢሩ ሲገለጥ፣ ምልክቱ በሰው እጅ የተጨመረ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ቅር ቢላቸውም የስድስት ወሩ ድካም ከንቱ አልነበረም። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ተለማምደውበታል።

መስከረም 3 ቀን 2008

ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2015) ሰኞ ነበር። በአዲስ አበባ ከቀኑ 6፡50 ገደማ፣ በሉዊዚያና ደግሞ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ ሊቪንግስተን አንድ ምልክት መዘገበ። ከሰባት ሺህኛ ሰከንድ በኋላ ሃንፎርድ ያንኑ ደገመው። የምልክቱ ርዝመት ከሰከንድ አንድ አምስተኛ አይበልጥም። በጀርመን ሃኖቨር የነበረው ወጣት ተመራማሪ ማርኮ ድራጎ ከደቂቃዎች በኋላ በኮምፒውተሩ ሲያየው የመጀመሪያ ሐሳቡ «አገኘን!» አልነበረም። «ማነው ይህን የጨመረው?» የሚል ነበር። ስልክ ተደወለ፣ ተጠየቀ። በዚያ ሰዓት የጨመረ ሰው አልነበረም፤ የምስጢር ፈተናው አሠራርም ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተጀመረው ምርመራ አምስት ወር ፈጀ። ከምርመራዎቹ ጥቂቶቹን እንመልከት።

የመጀመሪያው፦ በአካባቢው ሰው ነበር ወይ? በዚያ ሌሊት ሮበርት ስኮፊልድና አናማሪያ ኤፍለር የተባሉ ባለሙያዎች በሊቪንግስተን ጣቢያ ሆን ብለው ጫጫታ እየፈጠሩ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚረበሽ ሲፈትኑ ነበር። ሥራቸውን ያቆሙት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ምልክቱ የመጣው ከሌሊቱ 10፡50 ላይ ነው። ድካም አሸንፏቸው የቀረውን ፈተና ባይተዉት ኖሮ ያ ምልክት በፈተናው ጫጫታ ሊሸፈን ይችል ነበር።

ሁለተኛው፦ ምስክሮቹ ምን ይላሉ? በእያንዳንዱ ጣቢያ ከዋናው መዝገብ ሌላ ከ200,000 የሚበልጡ ረዳት መዝገቦች አሉ። የመሬት ንዝረት መለኪያዎች፣ ማይክሮፎኖች፣ የማግኔት መስክ መለኪያዎች፣ የሙቀትና የነፋስ መለኪያዎች በየማዕዘኑ ተተክለዋል። ሥራቸው የስበት ሞገድን መስማት አይደለም፤ አካባቢውን መመስከር ነው። ዋናው መሣሪያ አንድ ነገር ሰማሁ ሲል፣ እነዚህ ምስክሮች በዚያው ቅጽበት ምን እንዳዩ ይጠየቃሉ።

ከምስክሮቹ ቃል አንዱ አፍሪካን ይነካል። ምልክቱ በደረሰበት በዚያው ሰከንድ ውስጥ በቡርኪና ፋሶ ሰማይ ላይ እጅግ ኃይለኛ መብረቅ ወድቆ ነበር፤ ጉልበቱ ወደ 500,000 አምፔር ይደርሳል። ከተለመደው መብረቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የመብረቅ የማግኔት ሞገድ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይጓዛል። በሁለቱም ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሊሰማ የሚችል ነገር ከሆነ፣ «ሁለት ምስክር አለን» የሚለው ማስረጃ ሊፈርስ ነው። ስለዚህ የማግኔት መለኪያዎቹ ተመረመሩ። መብረቁ በጣቢያዎቹ ላይ ያደረሰው የማግኔት ለውጥ እንዲህ ያለ ምልክት ለመፍጠር ከሚያስፈልገው ቢያንስ ሺህ ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መብረቁ ነፃ ወጣ።

ሦስተኛው፦ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ወይ? ለዚህ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። ሞገዱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ፣ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ሊዘገይ የሚችለው ቢበዛ የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። አሁን የአንዱን ጣቢያ መዝገብ ሆን ብለን ከዚያ በሚበልጥ መጠን ወደፊት ገፋ እናድርገውና ከሌላው ጋር እናመሳክር። በዚህ በተዛነፈ መዝገብ ላይ የሚገኝ «ግጥምጥሞሽ» ሁሉ እውነተኛ ሞገድ ሊሆን አይችልም፤ አጋጣሚ ነው። መዝገቡን ደጋግሞ በተለያየ መጠን እያዛነፉ ሲቆጥሩ አጋጣሚ ምን ያህል ጠንካራ ምልክት ሊፈጥር እንደሚችል ይታወቃል። በዚህ መንገድ የ16 ቀን መረጃ ከ600,000 ዓመት በላይ ከሚሆን መረጃ ጋር የሚተካከል የአጋጣሚ መዝገብ ሰጠ። ውጤቱም እንዲህ ያለ ምልክት በአጋጣሚ የሚመጣው በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳየ። የዌበር ሰዓት በስህተት ተዛነፈ፤ እነዚህ ደግሞ ስህተቱን አውቀው እየደጋገሙ መለኪያ አደረጉት።

ዜናው ለዓለም የተነገረው የካቲት 11 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋህደዋል። በተከታዩ ዓመት ራይነር ዋይስ፣ ባሪ ባሪሽና ኪፕ ቶርን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ቁራዎቹ

ጫጫታን ለይቶ ማግለል አንድ ነገር ነው። ከምንጩ ማድረቅ ደግሞ ሌላ። በ2017 የበጋ ወራት በሃንፎርድ ጣቢያ ምክንያቱ የማይታወቅ ግሊች ይታይ ጀመር። ምስክር ሴንሰሮቹ ሲመረመሩ ንዝረቱ ከአንደኛው ክንድ ጫፍ አካባቢ እንደሚመጣ ጠቆሙ። ስኮፊልድ ቦታው ድረስ ሄዶ ዞሮ ቢያይ፣ ቀዝቃዛ ናይትሮጅን በሚያወጡ ቱቦዎች ላይ የረጋ በረዶ አለ፤ በረዶው ላይ ደግሞ የመንቁር ምልክት። ሃንፎርድ በረሃ ነው። በሙቀቱ የተጠሙ ቁራዎች በረዶውን እየጠቀጠቁ ይረኩበታል። የእነሱ «ጠቅ ጠቅ» በቱቦው አልፎ እስከ መሣሪያው ይደርስ ነበር።

ባለሙያው ግምቱን ይዞ አልተቀመጠም። በረዶውን ቁራ እንደሚጠቀጥቀው አድርጎ ራሱ መትቶ በመዝገቡ ላይ ያንኑ ምልክት ማየቱን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ቱቦዎቹ በረዶ እንዳይዙ ተሸፈኑ። ቁራዎቹን ማባረር አላስፈለገም።

ሌሎች ምንጮች ከዚህ ይበልጥ ይረቃሉ። ከሌዘሩ ብርሃን ጥቂቱ አቅጣጫ ስቶ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አርፎ ተመልሶ ከዋናው ብርሃን ጋር ሲቀላቀል የውሸት ምልክት ይፈጥራል። ውቅያኖስ ሲናወጥና መሬቱ ሲወዛወዝ ይህ ይብሳል። ከመስተዋቶቹ ጀርባ ሌላ የተንጠለጠለ አካል አለ፤ ሁለቱ እየተራራቁና እየተቀራረቡ ሲወዛወዙ ብርሃኑ በመካከላቸው ይመላለስ ነበር። በጥር 2020 ይህ አካል ከመስተዋቱ ጋር እኩል እንዲንቀሳቀስ ተደረገና ይህ ዓይነቱ ግሊች በእጅጉ ቀነሰ።

ግሊቾቹን በየዓይነታቸው መለየት ግን ለጥቂት ሳይንቲስቶች የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ግራቪቲ ስፓይ በሚባል ፕሮጀክት ተራ ሰዎች በኢንተርኔት የግሊቾችን ምስል እያዩ እንዲመድቡ ተጋበዙ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ተሳተፉ፤ ኮምፒውተሩም ከእነሱ ምድብ ይማራል። አንዳንዱ ግሊች ቅርጹ አሳ ስለሚመስል በአሳ ስም ተጠራ፤ ሌላው «ፉጨት» ተባለ። ሳይንቲስቶቹ ያላስተዋሏቸውን አዳዲስ ዓይነቶች ያገኙትም እነዚሁ ፈቃደኞች ናቸው። በአብዛኛው ምንጫቸው ያልታወቀ አጫጭር ግሊቾች ግን ዛሬም አሉ። ከባድ ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ የሚሰጡትን አጭር ምልክት ስለሚመስሉ ለመርማሪዎቹ ትልቅ ራስ ምታት ናቸው።

እውነትን መጣልም አለ

እስካሁን ያወራነው ሐሰትን ስለመቀበል ነበር። መጠርጠር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ሲበዛ ሁለተኛው ስህተት ይመጣል።

መርማሪዎቹ በረዳት መዝገብ ላይ ብጥብጥ ባዩ ቁጥር ያን ጊዜ ከመረጃው ቢቆርጡ ብዙ ንጹሕ ሰዓት ይባክናል። ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንድ ረዳት መዝገቦች እውነተኛው የስበት ሞገድ ሲያልፍ እነሱም ይነቃነቃሉ። እንዲህ ያለውን መዝገብ «ጫጫታ አለ» ብሎ እንዲመሰክር ብንተማመንበት፣ ሞገዱ በመጣ ቁጥር ሞገዱን ራሱን እንጥላለን። ስለዚህ ምስክሮቹም ይፈተናሉ። መስተዋቱ ሆን ተብሎ ይነቃነቅና የትኛው ረዳት መዝገብ አብሮ እንደተነቃነቀ ይታያል። አብሮ የተነቃነቀ ምስክርነቱ አይወሰድም።

የዚህ ሁለተኛ ስህተት አደጋ በተግባር የታየው ነሐሴ 11 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017) ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 9፡41 ላይ ሃንፎርድ አንድ ረዥም ምልክት መዘገበ፤ ወደ 100 ሰከንድ የሚጠጋ። ሞገዱ ካበቃ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት ከኅዋ የጋማ ጨረር ብልጭታ አየች። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ሊሆን እንደሚገባው የተተነበየው ይኸው ነበር።

ነገር ግን ሊቪንግስተን ዝም አለ። ሁለተኛው ምስክር ጠፋ። ጣቢያው ግን አልተኛም ነበር። ኮከቦቹ ከመጋጨታቸው 1.1 ሰከንድ ብቻ ሲቀር አንድ ኃይለኛ ግሊች በመዝገቡ ላይ ወድቆ፣ አውቶማቲክ ሥርዓቱ ያን መረጃ እንደ ብልሹ ቆጥሮ አልፎት ነበር። በቅንነት የተሠራ ጥንቃቄ እውነተኛውን ምልክት አብሮ ጣለው።

ያዳነው የሰው ዓይን ነው። ባለሙያዎቹ የሊቪንግስተንን መዝገብ ምስል ሲከፍቱ፣ ከታች ወደ ላይ እየተቀለበሰ የሚወጣው የሞገዱ መስመር ቁልጭ ብሎ ታያቸው፤ በላዩ ላይ ግሊቹ እንደ ቀለም ጠብታ ተደፍቶበታል። ከ100 ሰከንድ ውስጥ የተበላሸው ከሰከንድ ያነሰ ነው። በመጀመሪያ ያችን ቅንጣት ጊዜ ብቻ ቆርጠው አውጥተው በቀረው ተጠቀሙ። በኋላም የግሊቹን ቅርጽ በሒሳብ ገንብተው ከመረጃው ላይ ቀነሱት፤ ከሥሩ ያለው ምልክት ተረፈ።

ይህ ለምን አስፈለገ? በአንድ ጣቢያ ብቻ ሞገዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ሊቪንግስተን ከዳነ በኋላ ግን፣ ምልከታውን ከተቀላቀለ ገና 16 ቀን ከሆነው ከጣሊያኑ ቪርጎ ጋር ተደምሮ የሰማዩ ካርታ በጣም ጠበበ። ቪርጎ ምልክቱን የሰማው እምብዛም አልነበረም፤ ደካማ መስማቱ ራሱ መረጃ ነበር፣ ሞገዱ የመጣው ቪርጎ በደንብ ከማይሰማበት አቅጣጫ መሆኑን ተናገረ። ከግጭቱ አምስት ሰዓት ያህል በኋላ የተላከው ካርታ ከጠቅላላው ሰማይ ከሺህ አንድ እጅ ያነሰውን አመለከተ።

ቺሊ ሲመሽ በዚያ ያሉ ቴሌስኮፖች ወደዚያ አቅጣጫ ዞሩ። ከግጭቱ 11 ሰዓት ገደማ በኋላ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ ቀድሞ ያልነበረ ብርሃን ተገኘ። ሰማያዊው ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደብዝዞ ወደ ቀይ ተለወጠ። ወደ 70 የሚጠጉ የምልከታ ጣቢያዎች ተረባርበው ተከታተሉት። ከዚያ ብርሃን የተገኘው ማስረጃ እንደ ወርቅና ፕላቲነም ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ያለ ግጭት እንደሚፈጠሩ አመለከተ። ካርታው ለጥቂት ቀናት ቢዘገይ ኖሮ የመጀመሪያው ብርሃን ሳይታይ ይጠፋ ነበር። ከሰከንድ ያነሰ ብልሽት ይህን ሁሉ ሊያስቀር ነበር።

የተላከን ዜና መሰረዝ

ሦስተኛው የምልከታ ዘመን ከሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምር ጣቢያዎቹ አዲስ አሠራር ያዙ። አጠራጣሪ ምልክት በተገኘ ቁጥር ለመላው ዓለም በደቂቃዎች ውስጥ ያስታውቃሉ፤ ቴሌስኮፕ ያለው ሁሉ እንዲፈልግ። ምርመራው ግን ከማስታወቂያው በኋላ ይቀጥላል። ተረኛ ቡድን ሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ የረዳት መዝገቦቹን ያያል፤ ችግር ካገኘ «ቀደም ሲል የላክነው ተሰርዟል» የሚል ማስታወቂያ በአደባባይ ይልካል። በዚያ ዘመን ከተላኩት 80 ማስታወቂያዎች 24ቱ ተሰርዘዋል።

ይህ ቁጥር ውድቀት ይመስላል። እኔ ግን የማምነው በእንዲህ ያለው ተቋም ነው። በየቀኑ ስልካችን ላይ ስንት ያልተጣራ ወሬ ይደርሰናል? ከዚያ ሁሉ መካከል «የላክሁላችሁ ስህተት ነበር» ብሎ የተመለሰ ስንት ነው? 24 ጊዜ በዓለም ፊት የታረመ ተቋም በ56ቱ ላይ ሲጸና ቃሉ ይከብዳል።

ሌላም ያስደሰተኝ ነገር አለ። የጣቢያዎቹ መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ የትኛው ሰዓት ንጹሕ፣ የትኛው የተበላሸ እንደሆነ የሚያሳየው ምልክትም አብሮ ይለቀቃል። ጅማ ወይም ደሴ ያለ የፊዚክስ ተማሪ ኢንተርኔትና ላፕቶፕ ካለው መዝገቡን አውርዶ የመስከረም 3ቱን ምልክት በራሱ ሊፈልግ ይችላል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ።

ወደ ቆርቆሮው ክፍል ልመለስና ላብቃ። ከጊዜ በኋላ አንድ ልማድ አመጣሁ። ዝናብ ሲወርድ ከኋላ የሚመልስ ተማሪ ካለ፣ ከመወሰኔ በፊት አጠገቡ የተቀመጠውን «ምን አለ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። እሱም ካልሰማ ተማሪው ወደ ፊት መጥቶ ይደግማል። ክፍለ ጊዜው በዚህ ጥቂት ደቂቃ ይባክናል። ያን ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።